የራስ ቁር ብቻውን ይበቃል ወይ?

«ከላይ ካለው መተላለፊያ ብሎን ወድቆ የሥራ ባልደረባዬን ትከሻውን መታው። አለቆቻችን ግን ሁላችንም የራስ ቁር ስላደረግን ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም ይላሉ። እውነት ነው?» ብለው ለጠየቁን፦ እውነት አይደለም። ዕድሜዬን በፋብሪካ ጥገና ክፍል ስላሳለፍኩ የማውቀውን ላካፍልዎ።

የአውሮፓ መስፈርት የኢንዱስትሪ ቁርን የሚፈትነው 5 ኪሎ ግራም ክብደት ከ1 ሜትር ከፍታ በመጣል ነው፤ ይህም 49 ጁል ያህል ጉልበት ነው። ግማሽ ኪሎ የምትመዝን መፍቻ ከ10 ሜትር ስትወድቅ ያንኑ ያህል ጉልበት ይዛ ትመጣለች፤ ፍጥነቷም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከ20 ሜትር ከሆነ ጉልበቱ እጥፍ ነው። ትከሻን ደግሞ የትኛውም ቁር አይሸፍንም። ቁር መደረግ አለበት፤ ግን ሌላው ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር የሚደርስ የመጨረሻ መከላከያ ነው።

ስለዚህ አለቆችዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ብሎኑ ከሰው እጅ አመለጠ ወይስ በራሱ ተፈትቶ ወደቀ? አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሠራተኛ ይወቀስና ጉዳዩ ይዘጋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማንም ሳይነካው የሚወድቀው ነው። የማሽን ንዝረት ዳዶን ቀስ በቀስ ያላላል፤ የመብራት ማቀፊያውም የቧንቧ መያዣውም በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ ወራት ሊቆይ ይችላል። በብሎኑ ዙሪያ ቀይ ቡናማ ዱቄት ከታየ ብረት ከብረት ጋር እየተፋተገ ነው ማለት ነው። ይህ ከታች ሆኖ አይታይም፤ ወጥቶ፣ ቀርቦ በእጅ መነካካት ይጠይቃል። በጥገና መርሐ ግብሩ ውስጥ ይህ ምርመራ ከሌለ ይጻፍበት።

ከእጅ ለሚያመልጠው መፍትሔው ቀላል ነው፦ መሣሪያው ማሰሪያ ይኑረው (ከባዱ ከመዋቅሩ ጋር እንጂ ከእጅ አንጓ ጋር አይታሰርም)፣ የመተላለፊያው ጠርዝ ከወለሉ ከፍ ያለ መከለያ ይደረግለት። ከላይ ሥራ ሲኖር ከታች ያለው ቦታ ይታጠር፤ የሚወድቅ ነገር ቧንቧ ወይም ምሰሶ ነክቶ ወደ ጎን ስለሚፈናጠር አጥሩ ሰፋ ይበል።

ስለ ባልደረባዎ ደግሞ፦ ብሎኑ ቁሩንም ነክቶት ከሆነ ቁሩ ስንጥቅ ባይታይበትም ይወገድ። ራስ ምታት ከባሰበት፣ ካስመለሰው ወይም ያለወትሮው ከተኛ፣ ሰዓታት ቢያልፉም እንኳ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።