«ኖይዝ ካንስሊንግ» ተብሎ የተገዛ ሄድሴት፣ ጩኸቱ ግን እንዳለ ነው

ጥያቄ፦
ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው። የጭነት መኪና ስምሪት ቢሮ ውስጥ ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ እጀታውን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ወትፌ ስጽፍ ስለምውል አንገቴ አለቀ። ሄድሴት ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ «ኖይዝ ካንስሊንግ» (ጩኸት የሚያጠፋ) ይላል፣ ደጅ የቆመው አይሱዙ ጩኸት ግን እንዳለ ይሰማኛል። ሶኬቱ ልክክ ብሎ ገብቷል፤ ደዋዩን እሰማዋለሁ፣ እሱ ግን እኔን አይሰማኝም። ተሸወድኩ? ወይስ ብሉቱዙን ልግዛ?

መልስ፦
አልተሸወድሽም፣ ግን ካርቶኑ ግማሹን ነው የነገረሽ። የስልክ ሄድሴት ላይ ያ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ማይኩ ነው፤ ጩኸቱን የሚቀንሰው ለደዋዩ እንጂ ላንቺ አይደለም። እንዲህ ያለ ማይክ ጠጋ ብለሽ ብታዪው ከፊትም ከኋላም ቀዳዳ አለው። ከሩቅ የሚመጣው ድምፅ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚገባ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ያንቺ ድምፅ ግን ከፊት በቅርብ ስለሚመጣ ያልፋል። ስለዚህ ማይኩን ከከንፈርሽ ጥግ ሁለት ጣት ያህል አርቀሽ፣ ፊቱን ወደ አፍሽ አዙሪው። ብዙ ሰው ወደ አገጩ አውርዶት፣ ይባስ ብሎም ገልብጦት ያወራና ዕቃውን ይራገማል።

ለጆሮ የሚሠራው ሌላ ነው፣ «አክቲቭ» የሚሉት። የውጭውን ድምፅ በራሱ ማይክ ይቀበልና ተቃራኒውን ሞገድ ጆሮሽ ላይ ይለቃል። እንደ ናፍጣ ሞተር ያለ ወጥ ጉምጉምታን ጥሩ አድርጎ ይቀንሳል፤ ጥሩምባና የሰው ወሬ ላይ ግን ደከም ይላል። ባትሪ ወይም ዩኤስቢም ይፈልጋል። እኔ ብሆን ለዚህ ሥራ ብር አላወጣበትም። ሁለቱንም ጆሮ የሚሸፍን፣ ወፈር ያለ ስፖንጅ ያለው ይበቃል። ሹፌር ገብቶ ሲጠራሽ መስማት ካለብሽ ግን ባለ አንድ ጆሮው ይሻላል፣ ጩኸቱን ትችይዋለሽ።

ወደ ሶኬቱ እንምጣ። መጀመሪያ ሚዩት አለመደረጉን፣ ማለትም ማይኩ በቁልፍ አለመዘጋቱን እዪ። ያቺ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለችው ብርሃን የምታሳልፍ ትንሽ ፕላስቲክ አርጄ9 ትባላለች። ውስጧ 4 ሽቦ አለ፤ 2ቱ የማይክ፣ 2ቱ የጆሮ። ቅደም ተከተላቸው ግን እንደ ስልኩ አምራች ይለያያል፣ ስለዚህ ሶኬቱ ገባ ማለት ማይኩ ተገናኘ ማለት አይደለም፤ ያንቺም ጣጣ ይኸው ይመስለኛል። ገመዱ ላይ ትንሽ መቀያየሪያ ካለች ደዋዩ እስኪሰማሽ አንድ በአንድ ሞክሪያት። ከሌለች ለስልክሽ ሞዴል የሚሆን መሸጋገሪያ ገመድ ያስፈልግሻል።

ብሉቱዝ? ተራ የጠረጴዛ ስልክ ብሉቱዝ የለውም፣ ርቀቱም ብዙውን ጊዜ 10 ሜትር አካባቢ ነው። ለቢሮ የሚሆነው ገመድ አልባ ዴክት የሚሉት ነው፤ ግድግዳ ካልከለለው 100 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ግን መብራት ሲጠፋ ከስልኩ ጋር የሚያገናኘው ማስቀመጫው አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ደግሞ ከሩቅ ሆነሽ ስልክ እንድታነሺ ሌላ ገመድ ወይም እጀታውን የሚያነሳ ዕቃ ለብቻው ትገዢለታለሽ። በገመዱ ቆዪ።

አሁን ስልኩን ገልብጪና ከሥሩ የተጻፈውን ሞዴል ፎቶ አንሺው። እናንተ ጋ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሹፌር አይጠፋም፤ ፎቶውን ላኪለትና ገመዱን ይዞልሽ ይምጣ።