ፍርድ ቤት የፈረደለት መብት በትንሽ ጀልባ እንዴት እንጀራ ይሆናል? ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

በካናዳ በቫንኩቨር ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ፣ የኑቻኑልዝ ነባር ሕዝቦች በትንንሽ ጀልባዎች ዓሣ በሚያጠምዱበት ሥራ በረዳትነት እንዲቀጠሩ ግብዣ እንደቀረበልዎ ገልጸው፣ ሥራው ቤተሰብ ያስተዳድር እንደሆነና እነዚህ ሰዎች ዓሣቸውን የመሸጥ መብታቸውን በፍርድ ቤት ካስከበሩ በኋላም ስለምን ቅሬታቸው እንዳላባራ ጠይቀዋል። በዚያው ዳርቻ፣ ዓሣ በሚራገፍበት ወደብ ላይ እየመዘንሁና እየመዘገብሁ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ የማውቀውን እጽፍልዎታለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው ቤተሰብ ያስተዳድራል። የሚያስተዳድረው ግን አንዲት ጀልባ በየወቅቱ የሚገኘውን ልዩ ልዩ የዓሣ ዓይነት አጣምራ እንድትይዝ ሲፈቀድላት ብቻ ነው። የሁለቱም ጥያቄዎችዎ መልስ ከዚህ የሚወጣ ነው።

የእነዚህ ሕዝቦች ኑሮ ከጥንት ጀምሮ በባሕር ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ መንግሥት መሬት ሲከልልላቸው እጅግ ጠባብ ቦታ ነበር የሰጣቸው፤ ምክንያቱም ዓሣ አጥማጆች ስለሆኑ ሰፊ መሬት አያስፈልጋቸውም የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ባሕሩም በተራው ጠበበባቸው። በ1968 የሳልሞን አጥማጅነት ፈቃድ ቁጥሩ ተወሰነ፤ በ1991 ሃሊበት የተባለው ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ ለየባለፈቃዱ በኮታ ተከፋፈለ፤ በ1996 ደግሞ የሳልሞን ፈቃድ በአካባቢ ተሸንሽኖ፣ ከአንድ አካባቢ በላይ ማጥመድ የፈለገ ሰው ተጨማሪ ፈቃድ መግዛት ግድ ሆነበት። ገንዘብ ያለው ገዛ፤ የሌለው ሸጠ። በየመንደሩ ተደርድረው ይታዩ የነበሩት ጀልባዎች የጠፉት በዚህ መንገድ እንጂ፣ አንዳንድ ሰዎች እንደሚሉት ወጣቱ ሥራ ጠልቶ አይደለም።

ከኑቻኑልዝ መካከል አምስቱ ሕዝቦች፣ ማለትም አሃውዛት፣ ኤሃቴሳት፣ ሄስክዊያት፣ ሞዋቻት-ሙቻላት እና ትላኦክዊያት፣ በ2003 መንግሥትን ከሰሱ። ደሴቲቱ የምትገኝበት የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ኒኮል ጋርሰን በኅዳር 2009፣ እነዚህ ሕዝቦች በክልላቸው ውኃ ማንኛውንም ዓሣ የማጥመድና የመሸጥ መብት እንዳላቸው ፈረዱ፤ ዝርዝሩን ከመንግሥት ጋር እንዲደራደሩበትም ሁለት ዓመት ሰጡ። ጉዳዩ ግን በይግባኝ ሲመላለስ ቆይቶ፣ በአገሪቱ የመጨረሻ የሆነው የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመንግሥትን አቤቱታ በ2014 እስከማይቀበል ድረስ ዘለቀ፤ በመካከሉም ጂኦዳክ የተባለው፣ በሁለት ቅርፊት የተከደነ ትልቅ የባሕር እንስሳ ከመብቱ ወጣ። በ2018 ዳኛ ሜሪ ሃምፍሪስ፣ መንግሥት ለመዝናኛ አጥማጆች ከመብቱ ባለቤቶች ይልቅ ቅድሚያ መስጠቱ አግባብ አለመሆኑን ሲወስኑ፣ መብቱን ራሱን ግን በአነስተኛና ርካሽ ጀልባ የሚካሄድ ውሱን ሥራ አድርገው ተረጎሙት። ይህን ማጥበብ በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። ፍርዱ ይህን ያህል ዓመት ሲፈጅ፣ ልጅ የነበረው ጎልማሳ ሆነ፤ ሥራውን ከአባቱ ጋር እየወጣ ሳይማር የቀረውም ብዙ ነው።

ከፍርዱ በኋላ የቀረው ዋናው ጥያቄ ድርሻ ነው። መብት አለህ የተባለ ሰው በዓመቱ ስንት ሳልሞን፣ ስንት ሃሊበት መያዝ እንደሚችል የሚነግረው፣ በየዓመቱ ከዓሣ ሀብት ሚኒስቴሩ ጋር የሚወጣው ዕቅድ ነው። ድርሻው ትንሽ ከሆነ ወቅቱ በጥቂት ቀናት ይዘጋል፤ ነዳጁ፣ መረቡና መንጠቆው፣ የሞተሩ ጥገና ግን አይቀንስም።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የዓሣው ዓይነት ጉዳይ ነው። ትልቅ ጀልባ ያለው ሰው በአንድ ዓይነት ዓሣ ላይ ተመሥርቶ፣ ሩቅ ሄዶ፣ ብዙ ጭኖ ይመለሳል። የትንሽ ጀልባ ባለቤት ግን ርቆ መሄድ ስለማይችል ከደጁ የሚያገኘውን ሁሉ ጥቂት ጥቂት እየያዘ ነው የሚኖረው፤ በበጋ ቺኑክና ኮሆ የተባሉትን የሳልሞን ዓይነቶች፣ በሌላው ጊዜ ሃሊበት፣ ሊንግኮድ የተባለውን ዓሣ፣ ሸርጣንና ሽሪምፕ። ፈቃዱ በዓሣ ዓይነት ሲነጣጠል፣ ሳልሞን ሲያጠምድ መንጠቆው ላይ ሊንግኮድ ቢመጣበት ፈቃዱ ስለሌለው መልሶ ይጥለዋል። ሮክፊሽ የተባለው ዓሣ ደግሞ ከጥልቅ ሲወጣ የአየር ከረጢቱ ስለሚነፋ፣ ቢመለስም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ዓሣውን ለመጠበቅ የወጣ ደንብ ዓሣውን ሞቶ ሲያስጥል ማየት ያማል፤ ይህን የሚያውቁ አጥማጆች ያመጡትን ሁሉ አራግፈው፣ አስመዝግበው፣ ከድርሻቸው እንዲቀነስ መጠየቃቸው ተገቢ ነው።

የፈቃድ ባለቤትነትም ሌላው ቁስል ነው። በአትላንቲክ ዳርቻ አቅራቢያ በሚካሄደው ማጥመድ ባለፈቃዱ ራሱ ማጥመድ እንዳለበት በሕግ የተደነገገ ሲሆን፣ በፓሲፊክ ዳርቻ ግን ባሕር ላይ ወጥቶ የማያውቅ ድርጅት ኮታ ገዝቶ ለአጥማጁ ሊያከራይ ይችላል። በሃሊበት ላይ ኪራዩ ከዓሣው ዋጋ ከግማሽ በላይ ሲወስድ የተለመደ ነው። የአምስቱ ሕዝቦች መብት የማኅበረሰቡ በመሆኑ አጥማጁ ለማንም ኪራይ አይከፍልም፤ ሃኦም የተባለው የጋራ ማኅበራቸውም በየሕዝቡ ባሕላዊ መሪዎች፣ ማለትም በሃዊህዎቹ፣ ፈቃድ ላይ ቆሞ ነው ሥራውን የሚመራው። ይህ ሥርዓት ለባሕል ክብር ብቻ ያለ አይደለም፤ ማን እንደሚወጣ፣ የት እንደሚያጠምድ፣ ከተያዘው ለአረጋውያንና ለድግስ ምን ያህል እንደሚደርስ የሚወሰንበት ነው።

ዋጋን በተመለከተ፣ በወደቡ ላይ ሆኜ ያየሁት ልዩነት ከበረዶና ከጥንቃቄ የመጣ ነበር። ሳልሞኑ እንደወጣ ደሙ ካልፈሰሰና ሆዱ ካልጸዳ፣ ወዲያውም በረዶ ውስጥ ካልገባ፣ ገዢው ሥጋውን ነክቶ ብቻ ዋጋውን ይቀንሳል። በአንዱ ቀን ብዙ ጀልባ ተሰልፎ በረዶ ያለቀበት፣ ጥሩ ዓሣ ይዞ የመጣ ሰው በዝቅተኛ ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ። ገበያው በጀልባና በመኪና የሚደረስ ሩቅ ከተማ በመሆኑም፣ ጥቂት ኪሎ ለብቻው የላከ ሰው ትርፉን ለማጓጓዣ ይከፍላል፤ ስለዚህ አብሮ ማራገፍና አብሮ መሸጥ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል።

ግብዣውን ከመቀበልዎ በፊት የሚጠይቁትን ልንገርዎ። የዘንድሮው ዕቅድ ለጀልባው ምን ምን ዓይነት ዓሣ እንደሚፈቅድና ከሳልሞን በኋላ ምን እንደሚያጠምድ ይጠይቁ፤ ሳልሞን ብቻ ከሆነ ለክረምቱ ሌላ ሥራ ያዘጋጁ። የእርስዎ ድርሻ የሚታሰበው ነዳጅ፣ በረዶና ምግብ ከመቀነሱ በፊት ይሁን ከተቀነሰ በኋላ፣ በጽሑፍ ያስጽፉ። ከደቡብ ምሥራቅ ኃይለኛ ነፋስ ሲነሳ ካፒቴኑ ሳይወጣ የሚቀር ሰው መሆኑንም ከመንደሩ ሰዎች ያጣሩ፤ ያችን ትንሽ ጀልባ ከባሕሩ የሚያድናት በጊዜ ወደ ወደብ መመለስ ብቻ ነው።