ከካሴት ወደ ሲዲ ሲቀየር ድምፁ ለምን ይጮሃል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቴፑን ዘግቼ ሲዲ ስከፍት ስፒከሩ በድንገት ይጮሃል። አምፕሊፋየሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጤነኛ ነው። አብዛኛው ሲዲ ማጫወቻ ከፍተኛ ድምፁ ላይ 2 ቮልት ገደማ ያወጣል፤ ካሴት ዴክ ግን ብዙ ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.5 ቮልት ነው። 2 ቮልት የ0.5 ቮልት 4 እጥፍ ነው፤ በዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ልዩነቱ 12 ነው። ለጆሮ 10 ዲሲቤል እጥፍ ያህል ስለሚመስል ያስደነግጣል። ዋናው ነገር ደካማውን ማጉላት ሳይሆን ኃይለኛውን መቀነስ ነው። ደካማውን ካጎሉት የካሴቱ ሽሽታም (“ሽሽሽ” የሚለው ድምፅ) አብሮ ይጎላል።

በመጀመሪያ ሲዲው የራሱ የድምፅ መቀነሻ እንዳለው ይዩ። ከሌለው ለእያንዳንዱ ቻናል (ግራና ቀኝ) ሁለት ሬዚስተር፣ ማለትም ሲግናሉን የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ፣ ይበቃል፤ ሩብ ዋት፣ 1 በመቶ ስህተት ያላቸውን ይግዙ። 10 ኪሎ ኦሙን በሲግናሉ ሽቦ መሃል ያስገቡ፤ 3.3 ኪሎ ኦሙን ከዚያ በኋላ፣ በአምፕሊፋየሩ በኩል፣ ከሲግናሉ ወደ ግራውንድ (የኬብሉ ውጫዊ ሽቦ) ይበይዱ። 12 ዲሲቤል ይቀንሳል። ሥራው ከአምፕሊፋየሩ ጃክ አጠገብ ይሁን፤ ከሬዚስተሮቹ በኋላ ረጅም ኬብል ከተከተለ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ይደክማል።

ጥያቄ፦ ሸክላ ማጫወቻዬን ኦክስ (የአምፕሊፋየሩ ተራ መግቢያ) ላይ ሰካሁት፣ እንደ ትንኝ ነው የሚሰማው።

መልስ፦ የተለመደው ማግኔት ያለው መርፌ ራስ የሚያወጣው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ተቀንሶ፣ ትሬብሉ ጎልቶ ስለሆነ ፎኖ የሚባለው ማጉያ ድምፁን ሲያሳድግ ያንንም ያስተካክላል። ስለዚህ ኦክስን ቢያጎሉት ቀጭን ድምፅ ብቻ ያገኛሉ። ፎኖ መግቢያ ካለ እዚያ ይሰኩ፣ የግራውንድ ሽቦውንም ያሥሩ፤ አለዚያ ያጉረመርማል። ማጫወቻው ውስጡ ማጉያ ካለው ግን ማብሪያውን ላይን ላይ አድርገው ኦክስ ይጠቀሙ። ሲዲ ፎኖ ላይ በፍጹም አይሰኩ፤ ድምፁ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ስልኬን በጃክ ስሰካ ቮልዩሙን የት ላድርገው?

መልስ፦ ከ80 እስከ 90 በመቶ። ዝቅ ካደረጉት አምፕሊፋየሩን ለመክፈት ይገደዳሉ፣ ሽሽታውም ይመጣል።

ጥያቄ፦ የሁለት ማጫወቻዎች ድምፅ እኩል መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ አንድ ዘፈን፣ ያው ቅጂ፣ በሁለቱም ያጫውቱ። ሌላ ስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ጭነው ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ቦታ፣ በጆሮዎ ከፍታ ያስቀምጡት። የአምፕሊፋየሩን ቮልዩም ሳይነኩ የዘፈኑን ያንኑ ክፍል ለ30 ሰከንድ ይለኩ። የስልክ መለኪያ ትክክለኛ ቁጥር ባይሰጥም ልዩነቱን ለማነጻጸር ይረዳል፤ ከ1 እስከ 2 ዲሲቤል ልዩነት አይረብሽም።

ጥያቄ፦ የግራ ስፒከሬ ደክሟል።

መልስ፦ አምፕሊፋየሩን ያጥፉ፣ የሲዲውን የግራና የቀኝ ኬብል አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ያቀያይሩ። ድክመቱ ወደ ቀኝ ከሄደ ጥፋቱ ኬብሉ ወይም ማጫወቻው ነው። በግራ ከቀረ፣ ባላንስ ቁልፉ መሃል መሆኑን አይተው የስፒከሩን ሽቦዎች በተመሳሳይ መንገድ ያቀያይሩ።