መልስ፦ የአይ.ኤስ.ኦ 14001 የምስክር ወረቀትና «አረንጓዴ» ግዥ

ድርጅትዎ የአይ.ኤስ.ኦ 14001 (የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የአካባቢ አያያዝ ሥርዓት ደረጃ) የምስክር ወረቀት ስላገኘ ግዥው ሁሉ ለአካባቢ ተስማሚ ነው ብሎ ማስታወቅ ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል፤ በእኔ እምነት አይችልም። ወረቀቱ የሚመሰክረው የአካባቢ አያያዝ ሥርዓት መዘርጋቱን እንጂ የተገዛውን ዕቃ ዓይነት አይደለም። እርግጥ የ2015ቱ እትም ለሚገዙ ምርቶችና አገልግሎቶች እንደ አግባቡ የአካባቢ መስፈርት እንዲወሰን ይጠይቃል፤ የመስፈርቱን ልክ ግን ለድርጅቱ ይተወዋል። ስለ ግዥ በቀጥታ የሚናገረው በ2017 የወጣው አይ.ኤስ.ኦ 20400 ሲሆን፣ እሱም መመሪያ እንጂ የምስክር ወረቀት የሚያሰጥ ደረጃ ስላልሆነ «በ20400 ተመስክሮልናል» የሚል አቅራቢ ቢገጥምዎ ጠንቀቅ ይበሉ።

ዋናው ሥራ ያለው የጨረታ ሰነዱ ላይ ነው። ለምሳሌ ብዙ ሰዓት የሚሠራ የአየር ኮምፕረሰር (አየር አምቆ የሚያቀርብ ማሽን) በአገልግሎት ዘመኑ የሚፈጀው የኤሌክትሪክ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ከመግዣ ዋጋው እጅግ ይበልጣል፤ ገምጋሚ ኮሚቴው የመግዣ ዋጋን ብቻ ካወዳደረ ግን ኃይል አባካኙ ማሽን በርካሽነቱ ያሸንፋል፣ የአካባቢ ጥበቃ ክፍሉም ጉዳዩን የሚሰማው ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ይሆናል (ይህ ክፍል ከግዥ ክፍሉ ጋር የማይነጋገርባቸው ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም)። ስለዚህ አቅራቢው በሙሉና በከፊል ጭነት የሚፈጀውን ኃይል በተለካ ውጤት እንዲያቀርብ፣ ውድድሩም የሥራ ሰዓቱንና የኤሌክትሪክ ታሪፉን ባካተተ ጠቅላላ ወጪ እንዲሆን በሰነዱ ውስጥ በግልጽ ያስፍሩ።

የወረቀት ግዥ ቀላል ነው፤ የኤፍ.ኤስ.ሲ (ኃላፊነት ለተሞላበት የደን አያያዝ ምስክርነት ደረጃ የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ድርጅት) ምልክት ከጠየቁ የአቅራቢውን የምስክር ወረቀት ቁጥር ኤፍ.ኤስ.ሲ ለሕዝብ ክፍት ባደረገው የመረጃ ቋት ያመሳክሩ፣ በደረሰኙም ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ።