ለ14 ዓመት ልጅ የሚያስቁ ልቦለዶች፦ ከቱሉ ዲምቱ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የካ አባዶ እንደሚኖሩ፣ የ14 ዓመት ልጅዎ የጀመረውን ልቦለድ ሁሉ 20 ገጽ ሳይሞላ እንደሚተወውና ስልኩን ግን ከእጁ እንደማያወርድ ገልጸው፣ በቅርብ ያነበብናቸውን፣ ስለ አፍላ ወጣቶች የሚተርኩና የሚያስቁ ልቦለዶች እንድንጠቁምዎ ጠይቀዋል። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖርና የወንድሜን ልጅ የማሳድግ ሰው ነኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታትም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእሷና ከጎረቤት ልጆች ጋር በኮሚናላችን ተቀምጠን መጽሐፍ ስናነብ ስለቆየን፣ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍልዎ ወደድኩ።

መጀመሪያ ላይ መጽሐፍ የምመርጠው በሽልማቱና በቁም ነገሩ ነበር። ልጆቹ በጨዋነት ተቀምጠው ያዳምጡኛል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ግማሾቹ ይቀራሉ። ነገሩ የተለወጠው ዋናው ባለታሪክ የእነሱ እኩያ የሆነ፣ ሁሉንም የተረዳ የሚመስለው፣ አንባቢው ግን ቀድሞት የሚያይበት ልቦለድ ባገኘን ጊዜ ነው። ባለታሪኩ ከልቡ ይናገራል፤ ልጆቹ ደግሞ እሱ ያላየውን እነሱ ስላዩት ይስቃሉ፣ እየሳቁም ምን ያህል አስተዋዮች እንደሆኑ ይሰማቸዋል። ያ ስሜት አንዴ ካደረበት በኋላ ልጁን «አንብብ» ብሎ መጎትጎት ቀርቶ «ብርሃኑን አጥፋና ተኛ» ማለት ነው የሚያስቸግረው።

እንግዲህ በዚህ መለኪያ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁምዎ የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የሱ ታውንሰንድን «ዘ ሲክሬት ዳያሪ ኦቭ አድሪያን ሞል ኤጅድ 13¾» ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1982 ስለሆነ አዲስ አይባልም፤ እኔ ግን ያነበብኩት ባለፈው ክረምት ነው፣ በብሎካችን ልጆች ዘንድም እንደ እሱ የተወደደ የለም። አድሪያን የዕለት ማስታወሻውን የሚጀምረው በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዕለት፣ ጠባዩን ለማሻሻል በገባው ቃልና አገጩ ላይ በወጣበት ብጉር ነው። ራሱን እንደ ምሁር ይቆጥራል፤ ግጥሞቹን ለቢቢሲ ይልካል፤ ፓንዶራ የምትባለውን የክፍሉን ልጅ ይወዳል፤ በትምህርት ቤቱ የበጎ ፈቃድ ቡድን በኩልም በርት ባክስተር የሚባሉ 89 ዓመት የሞላቸው አስቸጋሪ ሽማግሌ እንዲረዳ ይመደባል። ቀይ ካልሲ አድርጎ ከርእሰ መምህሩ ጋር የተጋጨበትን ክፍል ስናነብ፣ በየትምህርት ቤታቸው በጫማ ቀለምና በፀጉር ቁርጥ የተነሣ ከበር የተመለሱት ልጆቻችን የየራሳቸውን ታሪክ ለመናገር መሻማት ጀመሩ፤ ያን ቀን ከሦስት ገጽ በላይ አልተጓዝንም፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተውኳቸው።

አንዱን ቅዳሜ ግን ለይቼ ልንገርዎ። መብራት ጠፍቶ ኮሚናሉ ስለጨለመ በብሎካችን ደረጃ ላይ ተደርድረን ተቀምጠናል፤ የወንድሜ ልጅ በስልክ መብራት እያነበበች፣ ለትንንሾቹ ደግሞ በአማርኛ እያስረዳች ነው። አድሪያን ወደ ማድ ቤት ሲገባ እናቱና ጎረቤታቸው ሚስተር ሉካስ ሲሳሳቁ ያገኛቸዋል፤ እሱ ሲገባ ሳቁ ቀጥ ይላል፤ ልጁም ይህንኑ መዝግቦ ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ከታችኛው ደረጃ ላይ «እንዴ፣ እንዴት አልገባውም?» ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ሳቁ። ከሳምንታት በኋላ እናትየው ቤቷን ጥላ የሄደችበት ገጽ ላይ ስንደርስ ግን ያ ልጅ አልሳቀም። መጽሐፉን ከወንድሜ ልጅ እጅ ተቀብሎ ያንኑ ገጽ ለብቻው መልሶ አነበበና ሳይናገር መለሰላት። ቤተሰብ ሲናወጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ልጅ ስለነበረ፣ እኔም ምንም አልጠየቅኩትም። እንዲህ አሥቆ አሥቆ ልብ የሚነካ መጽሐፍ ብዙ አላጋጠመኝም። አንድ ነገር ግን ላሳስብዎ፦ አድሪያን ስለ ሰውነቱ መለወጥ በግልጽ የሚጽፍባቸው ቦታዎች አሉ። ለ14 ዓመት ልጅ ነውር ነው ብዬ አላምንም፤ ሆኖም እርስዎ ቀድመው ቢያነቡት መልካም ነው።

ልጅዎ ገና እንግሊዝኛው የሚከብደው ከሆነ ግን ከአድሪያን ይልቅ በአሜሪካዊው በሉዊስ ሳከር «ሆልስ» ይጀምሩለት፤ «ጉድጓዶች» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በማግስቱ ዓመት ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውቤሪ ሽልማት አግኝቷል። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ምዕራፎቹም 50 ቢሆኑ አንዳንዶቹ ሁለትና ሦስት ገጽ ብቻ ስለሆኑ፣ ቶሎ የሚሰለች ልጅ «አንድ ልጨምር» እያለ ሳያውቀው ይገፋል። ስታንሊ የልናትስ ያልሠራውን ሥራ ሠርተሃል ተብሎ፣ የታዋቂ ስፖርተኛ ጫማ ሰርቀሃል ተብሎ፣ ቴክሳስ ውስጥ ወዳለ በረሃ ይላካል። ቦታው «አረንጓዴ ሐይቅ» ቢባልም ሐይቅ የሚባል የለውም፤ ልጆቹ በየቀኑ ወደ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠልቅና የዚያኑ ያህል የሚሰፋ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ይህም ጠባያቸውን ያርማል ይባላል። የስታንሊ ቤተሰብ መከራውን ሁሉ የሚያላክከው የገባውን ቃል ባልፈጸመ ቅድመ አያት ላይ ነው። እርግማን ከዘር ወደ ዘር ይተላለፋል ሲባል እየሰሙ ላደጉ ልጆች ይህ ማብራሪያ የማያስፈልገው ነገር ነው፤ አንዲት ልጅ «የእኔም አያት እንዲህ ይላሉ» ብላ ቤት ሄዳ ለአያቷ ተርካላቸዋለች።

መጽሐፉን በምናነብበት ሰሞን ብሎካችን ፊት ለፊት ለውኃ ቧንቧ የተቆፈረ ቦይ ነበር። ልጆቹ አንድ ሜትር ተኩል ሲባጎ ለክተው ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው ወደ ቦዩ ሲያወርዱት ድንጋዩ መሬት ሲነካ ሲባጎው ገና ተርፏል። «ስታንሊ ከዚህም በላይ ነው የቆፈረው፣ ያውም በአንድ ቀን» ተባባሉ፤ ከዚያ በኋላ ስታንሊ እጁ ውኃ መቋጠሩ የተነገረበትን ክፍል ሲያነቡ ድምፃቸው ሌላ ሆነ። ዜሮ የሚባለው ጓደኛው ማንበብ እንደማይችልና ስታንሊ ፊደል ሲያስተምረው እሱ በምላሹ ጉድጓዱን እንደሚያግዘው የተጻፈው ደግሞ በእኔ ግምት የመጽሐፉ እምብርት ነው። በየምዕራፉ የተበተነው ሁሉ፣ ጫማውም እርግማኑም ሽንኩርቱም፣ መጨረሻ ላይ ሲገጣጠም ልጅዎ የሚያሳየውን ፊት እንዲያዩለት እመኛለሁ።

ሦስተኛው የሚያስቅ ልቦለድ አይደለም፤ ነገር ግን ከተማችን ያለበት ስለሆነ ልተወው አልቻልኩም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ መምህርት የነበረችው ኤሊዛቤት ሌርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» አዲስ አበባ ውስጥ የጎዳና ልጆች ስለሚሆኑ ሁለት ልጆች ይተርካል፤ ማሞ ድሃ ነው፣ ዳኒ ደግሞ አባቱን ፈርቶ ከቤቱ የጠፋ የሀብታም ልጅ ነው። ዳኒ በጉልበት ሥራ ምንም የማይረባ ሆኖ ሳለ ታሪክ መጻፍ መቻሉ ለጓደኞቹ እንጀራ የሚሆንበት ክፍል አለ፤ ልጆቻችን ያንን ወደውታል። ሲያነቡ «እዚህ ላይ እኛ እንዲህ አንልም» እያሉ ደራሲዋን ያርሟታል፤ ይህም ራሱ ጥሩ ንባብ ነው። የቤንጃሚን ዘፋንያን «ሪፊውጂ ቦይ»፣ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ስለተወለደ ዓለም ስለሚባል ልጅ የሚተርከውን፣ ልጅዎ እነዚህን ከጨረሰ በኋላ ይስጡት፤ ከበድ ይላል።

በአማርኛስ ካሉኝ፣ ለዚህ ዕድሜ ተብሎ የተጻፈ፣ የዛሬን ልጅ ሕይወት እያሣቀ የሚያሳይ ልቦለድ እንደምመኘው አላገኘሁም፤ ይህም ያሳዝነኛል። የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» በፍቅር የተያዘውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አቤልን ስለሚተርክ ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች እሰጠዋለሁ። በቀልድ በኩል የበዕውቀቱ ሥዩምን የሚተካከል አላውቅም፤ ነገር ግን የሚጽፈው ለአዋቂ ነውና እርስዎ አንብበው፣ የሚሆነውን መርጠው ጮክ ብለው ቢያነቡለት ይሻላል።

የእንግሊዝኛዎቹን እኔ ያገኘኋቸው ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮችና አዟሪዎች ነው። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ገጾቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ እኔ ከአንድ አዟሪ የገዛሁት ከመካከሉ 16 ገጽ ጎድሎት ልጆቹ ልባቸው እንደተንጠለጠለ ሁለት ሳምንት ጠብቀዋል። አራት ኪሎ ያለው በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ከእናንተ ዘንድ በመገናኛ በኩል ስለሚደረስ፣ አንድ ቀን ይዘውት ቢሄዱና ራሱ መደርደሪያው መሐል ቢዘዋወር ደስ ይለዋል።

መጽሐፉን እጁ ላይ አስቀምጠው ብቻ አይሂዱ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች እርስዎ ጮክ ብለው ያንብቡለት፤ ያላወቀውን ቃል በእርሳስ ኅዳጉ ላይ በአማርኛ ይጻፉለት፣ መዝገበ ቃላት ፈልግ ብለው ግን አያቋርጡት፤ ጥሩው ቦታ ላይ ሲደርሱም እራት ልሥራ ብለው ይነሡ። እኔ ይህን ሳደርግ የወንድሜ ልጅ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለሁ መጽሐፉን ይዛ ማድ ቤት መጥታ ቀሪውን ራሷ አንብባልኛለች።

የእኔ «ሆልስ» በአሁኑ ጊዜ አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ ዘንድ ነው፤ 40ኛው ምዕራፍ ላይ እንደደረሰች ትናንት ነግራኛለች። እንደጨረሰች ለእርስዎ ልጅ አውሰዋለሁ፤ ሥራ ውዬ ስመለስ መገናኛ ላይ ላገኝዎ ስለምችል የሚመችዎትን ቀን ይንገሩኝ።