«አንዷን በርጩማ ለሦስት ሰው ሸጥናት»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ሂርማታ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የዋንዛ በርጩማ፣ የተቆላ ቡናና ማር እሸጣለሁ። አምና ቴሌግራም ላይ ጀመርን፣ ከዚያ ፌስቡክና ቲክቶክ ተጨመሩ። በቀን አምስት የነበረው ትዕዛዝ ዛሬ አርባ ገብቷል። ቴሌግራሙንና ፌስቡኩን ወንድሜ፣ ቲክቶኩን የአክስቴ ልጅ፣ ሱቁን እኔ ይዘናል። ባለፈው ሳምንት አንዷን በርጩማ ለሦስት ሰው ሸጥናት! አሁን አንድ ልጅ «ሁሉንም የሚያስተዳድር ሶፍትዌር በ80 ሺህ ብር ልጫንልሽ» እያለኝ ነው። ልግዛ? በርጩማዋንስ ለማን ልስጥ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው አትግዢ። ሶፍትዌር ጠልቼ አይደለም፣ ተቃጥዬ ነው። ድሮ አዲስ አበባ አንድ ልብስ መደብር ውስጥ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። አለቃችን ሲስተም አስገዛ። ቆጠራ ያደረገ ግን አልነበረም፤ የድሮውን ደብተር ገልብጠን አስገባን። ኮምፒውተሩ 212 ሱሪ አለ ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው 140። በሦስተኛው ወር ወደ ደብተራችን ተመለስን።

እሑድ ሱቁን ዝጊና ሁሉንም ቁጠሩ። በርጩማ በእጅ የሚፈለፈል ስለሆነ አንዱ ካንዱ አይገጥምም። «በርጩማ 18» ብለሽ አትለፊው። እያንዳንዱን ገልብጪና ከሥሩ በማርከር ቁጥር ጻፊበት። ፎቶው ሲለጠፍም ቁጥሩ አብሮ ይውጣ። ከዚያ ጉግል ሺትስ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ክፈቱ። ነጻ ነው፣ ሦስታችሁም በየስልካችሁ ታዩታላችሁ። ማን ምን መቼ እንደቀየረም ይይዛል፤ ለቤተሰብ ንግድ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዋናው ጉዳይ ዕቃው «ተሽጧል» የሚባለው መቼ ነው የሚለው ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ቀብድ ሲገባ። «ያዢልኝ» ቀብድ አይደለም። የቴሌብር ስክሪንሾትም አይበቃም፤ አንዱ ስክሪንሾት ሁለት ቦታ ሲላክ አይቻለሁ። ብሩ አንቺ ስልክ ላይ ይግባ፣ የግብይት ቁጥሩ ሠንጠረዡ ላይ ይጻፍ፣ ያኔ ተሸጠ። ደግሞ ኔትወርክ ይጠፋል። ሺትስ ያለ ኔትወርክም እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ ግን የጻፍሽው ለወንድምሽ የሚታየው ኔትወርኩ ሲመለስ ነው። እስከዚያ እሱም ያንኑ በርጩማ ይሸጠዋል። ስለዚህ ኔትወርክ ሲሄድ የሚሸጠው ሱቅ ያለው ሰው ብቻ ይሁን። ሌሎቹ «ላጣራና ልደውልልዎ» ይበሉ።

ቡናው የራሱ ጣጣ አለው። ጥሬ ቡና ሲቆላ እንደ አቆላሉ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ክብደቱን ያጣል። 10 ኪሎ ጥሬ ገዝተሽ «10 ኪሎ የተቆላ አለኝ» ካልሽ፣ ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ የሌለ ቡና ልትሸጪ ነው። ጥሬውና የተቆላው የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ቆልተሽ ሲበርድ መዝኚና ሚዛኑ ያለውን ጻፊ። ማሩ አያስቸግርም፣ በጣሳ ቁጠሪው።

ሁለት ወር በዚህ ያለ ጭቅጭቅ ከሄዳችሁ ስለ ሶፍትዌር እናውራ። ኦዱና ኢአርፒኔክስት የሚባሉት የንግድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች የፈቃድ ክፍያ ሳይከፈልባቸው የሚገኙበት መንገድ አለ። እና 80 ሺሁ የምን ሒሳብ ነው? የመጫኛ? የሥልጠና? ሲበላሽ መጥቶ የማስተካከያ? ልጁን በደንብ ጠይቂው። ብጣላህ መረጃዬን በኤክሴል አውጥቼ መሄድ እችላለሁ ወይ በይው። የቴሌግራሙን ትዕዛዝስ ማን ነው የሚያስገባው? «ራሱ ይገባል» ካለሽ፣ ከስልክሽ አንድ ትዕዛዝ ላኪና እዚያው ፊትሽ ሲገባ ያሳይሽ።

በርጩማዋ ብሩን ቀድሞ ላስገባው ናት። ለሁለቱ ዛሬውኑ ደውዪላቸው። ጽሑፍ አትላኪ፣ ደውዪ። ብራቸውን እንደምትመልሺ ንገሪያቸው፤ ሌላ እንመርጣለን ካሉ ግን ፎቶ ላኪላቸው፣ ከነቁጥሩ።