የኤርፖርት ውል ለምታነቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣

የአየር መንገድና የኤርፖርት ውል ሳነብ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሒሳብ፣ ሕግ ወይም ጋዜጠኝነት አጥንታችሁ ወደዚህ መስክ የምትገቡ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። መንግሥት በግብር ከፋዩ ገንዘብ ኤርፖርት እየደጎመ ርካሽ አየር መንገዶችን ቢያባብል፣ ፍትሐዊ ውድድር ነው ወይ? አጭር መልስ የለኝም። ውሉን እንዴት እንደምታነቡት ግን ልነግራችሁ እችላለሁ።

በቅድሚያ ማን ምን እንደያዘ እዩ። አውሮፕላን ዛሬ እዚህ አድሮ ነገ ሌላ ከተማ ሊያድር ይችላል። መንደርደሪያው ግን የትም አይሄድም። ቀኑን ሙሉ ጭር ብሎ የሚውል አንድ ትንሽ ኤርፖርት ከአንድ ትልቅ አየር መንገድ ጋር ሲደራደር ጉልበቱ የማን እንደሆነ አይጠፋችሁም። አየር መንገዶቹም ይህን አሳምረው ያውቁታል። አልወቅሳቸውም፣ ነጋዴ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ከኤርፖርቱ በኩል የተቀመጠው ሰውዬ የሚደራደረው በማን ገንዘብ ነው የሚለው ነው።

የሻርለሯን ታሪክ ሳታውቁ ወደዚህ ክርክር አትግቡ። ሻርለሯ ቤልጅየም ውስጥ ከብራሰልስ በስተደቡብ ያለ ኤርፖርት ነው። የዋሎኒያ ክልል ንብረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ርካሹ የአየርላንድ አየር መንገድ ራያንኤር እዚያ እንዲሠራ ውል ተፈረመ። ለሚሳፈር መንገደኛ የማረፊያ ክፍያው 1 ዩሮ፣ የመሬት ላይ አገልግሎቱም (ሻንጣ መጫንና ማውረድ የመሳሰለው) 1 ዩሮ ብቻ ሆነ። ለአንድ አዲስ መስመር መክፈቻ 160,000 ዩሮ ተመደበ። ለማስታወቂያ፣ ለሠራተኞች ሆቴልና ለአብራሪዎች ሥልጠናም ድጋፍ ተጨመረ። ክልሉ ደግሞ ለ15 ዓመት ክፍያው ቢጨምር ወይም የሥራ ሰዓቱ ቢቀየር ኪሳራህን እሸፍናለሁ አለ። ራያንኤርም በበኩሉ አውሮፕላኖቹን እዚያ ሊያሳድርና በረራውን ሊያቆይ ቃል ገባ።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የመንግሥት ድጎማን የሚቆጣጠረው የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 ከድጋፉ ከፊሉ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። በ2008 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ክልሉንና ኤርፖርቱን እንደ አንድ ነጋዴ ቆጥራችሁ መመዘን ነበረባችሁ አለ። ኮሚሽኑ እንደገና መርምሮ በ2014 ከራያንኤር ጋር የተደረጉት ውሎች ድጎማ አይደሉም የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ችግር ያገኘው ኤርፖርቱ ራሱ ከክልሉ በተቀበለው ገንዘብ ላይ ነው። ሻርለሯ በ2019 ከ8 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ አስተናግዷል።

አንድ ውል፣ አሥር ዓመት፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ! ስለዚህ ቅናሽ ባያችሁ ቁጥር «ይሄ ሌብነት ነው» ብላችሁ አትጩኹ። ፍርድ ቤቱ ያነሳው የነጋዴ መመዘኛ የሚጠይቀው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ገንዘቡ የራሱ የሆነ ባለቤት ይህን ውል ይፈርመው ነበር ወይ? ሒሳቡ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። መንደርደሪያው አስቀድሞ የተሠራ ከሆነ የግንባታው ወጪ አየር መንገዱ መጣም ቀረም አይመለስም። መታየት ያለበት አዲሱ ደንበኛ በመምጣቱ የሚጨምረው ወጪና የሚጨምረው ገቢ ነው። ከመኪና ማቆሚያው፣ ከሱቆቹና ከኪራዩ የሚገኘውም ይደመራል። የማረፊያ ክፍያው 1 ዩሮ ሆኖ ሒሳቡ ትርፍ ሊያሳይ ይችላል። ለዚያ አየር መንገድ ተብሎ አዲስ ተርሚናል የሚሠራ ከሆነ ግን የተርሚናሉ ዋጋ እዚያው ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። «ሕንፃው በሌላ በጀት ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ብዕራችሁን አስቀምጡና ቀና ብላችሁ እዩት።

ስሌቱ የሚመዘነውም በፊርማው ቀን በታወቀው ነገር ነው። በኋላ ስለተሳካ ልክ ነበር አይባልም፣ በኋላ ስለከሸፈም ጥፋት ነበር አይባልም። ስለዚህ ከፊርማው በፊት የተሠራውን ስሌት አምጡ በሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ አማካሪ የጻፈው፣ ቱሪስት ይጎርፋል የሚል ወፍራም ሰነድ ነው። ላም አለኝ በሰማይ!

ሁለተኛ፣ ከማረፊያ ክፍያው ይልቅ የማስታወቂያ ውሉን ፈልጉ። ዋናው ገንዘብ የሚደበቀው እዚያ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሞንፔሊዬ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከሞላ ጎደል በአካባቢው የመንግሥት አካላት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ አንድ ማኅበር፣ ከተማውን በድረ ገጽህ አስተዋውቅልን ብሎ ለራያንኤር ሲከፍል ኖረ። ኮሚሽኑ በ2019 ይህ ማስታወቂያ ሳይሆን በረራው እንዳይቋረጥ የተከፈለ ገንዘብ ነው አለና 8.5 ሚሊዮን ዩሮ እንዲመለስ አዘዘ። ተወዳዳሪዎቹ ያን ገንዘብ አላገኙም። ሌሎቹ በራሳቸው ኪስ የሚወዳደሩበት ገበያ ላይ አንዱ በሕዝብ ገንዘብ ትኬት ሲያረክስ ቅሬታ ቢነሳ አይገርምም።

ስለ ጎረቤት ኤርፖርቶች በአጭሩ ልለፍ። ጀርመን ውስጥ ዛርብሩከንና ስቫይብሩከን በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት። ሁለቱም በሕዝብ ገንዘብ አንድ ዓይነት መንገደኛ ይሻሙ ነበር። ስቫይብሩከን በ2014 ከሰረ። የስፔኑ ካስቴዮን ደግሞ በ2011 ተመርቆ የመጀመሪያው የንግድ በረራ የመጣው በ2015 ነው። ሪባን መቁረጥ ደስ ይላል መቼም።

ርካሾቹን ብቻ የምትኮንኑም አትሁኑ፣ ይህን አደራ እላችኋለሁ። ትልቁ የጀርመን አየር መንገድ ሉፍታንዛ፣ እዚያው ጀርመን ላለው ለሃን ኤርፖርት የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ ራያንኤርን ይጠቅማል ብሎ ለዓመታት ሲከስ ነበር። ከዚያ ኮቪድ መጣ። ጀርመን በ2020 ለሉፍታንዛ 6 ቢሊዮን ዩሮ ካፒታል አቀረበች። አሁን ከሳሹ ራያንኤር ሆነ፣ ፍርድ ቤቱም በ2023 ኮሚሽኑ ለዚያ ድጋፍ የሰጠውን ፈቃድ ሻረ። ጠበቆቹ የክስ ወረቀት የተለዋወጡ ይመስላል። ስለ ፍትሕ አጥብቆ የሚያወራ ኩባንያ ስታዩ፣ በዚያ ዓመት ድጎማውን የወሰደው ማን እንደሆነ አጣሩ። ትልቁም ትንሹም በአንድ ሚዛን ይመዘን።

አንድ ቀን ከውሉ ጠረጴዛ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። ቅናሹ ማብቂያ ቀን ይኑረው። የአውሮፓው የ2014 መመሪያ ከ3 ሚሊዮን መንገደኛ በታች ባላቸው ኤርፖርቶች አዲስ መስመር ለማስጀመር የሚሰጠውን ድጋፍ ከኤርፖርት ክፍያው እስከ ግማሽ፣ ዘመኑንም እስከ 3 ዓመት ወስኖታል። መጥፎ መነሻ አይደለም። አየር መንገዱ ከቃሉ በፊት ጥሎ ቢሄድ ስንት እንደሚመልስ በቁጥር ይጻፍ፣ «በመግባባት» የሚል ቃል አትቀበሉ። ያንኑ ቅናሽ ያንኑ መንገደኛ ለሚያመጣ ሌላ አየር መንገድም ክፍት አድርጉት። ውሉ የንግድ ምስጢር ነው ከተባለ ዝርዝሩ ይቅር፣ ጠቅላላ ድምሩና የሚያበቃበት ቀን ግን ለከፋዩ ሕዝብ ይፋ ይሁን። አየር መንገዱ በዚህ አልስማማም ካለ፣ ያለ እሱ ኤርፖርቱ በዓመት ስንት እንደሚከስር አስሉና አየር መንገዱ ከሚጠይቃችሁ ገንዘብ ጋር አስተያዩት። አንዳንዴ ዝም ብሎ መክሰሩ ይረክሳል።